ግራ እግር የማትፈልግ መኪና

ባሌን የወሰደችብኝ ሴት አይደለችም፤ መኪና ናት። ያውም ነገሩ የተጀመረው በእውነተኛ መኪና ሳይሆን በአጎቴ ሻይ ቤት፣ በቴሌቪዥን ላይ በምትሮጥ የጨዋታ መኪና ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ባሌ ከጎንደር መተማ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከደጋ ጤፍና ላምባ ያወርዳል፣ ከቆላ ሰሊጥና ማሽላ ያወጣል። ዘመኑ የደርግ ነው፤ መንገዱ በየኬላው ፍተሻ፣ በየጫካው ተኩስ ነበር። እሱ ግን መኪናው ላይ ከወጣ ንጉሥ ነው። የሚነዳት አሮጌ ኤንትሬ ማርሿ እንደ ክፉ በቅሎ ነው፤ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ካልረገጡላት አትቀበልም። «መኪና በእጅ ይነዳል የሚል ሞኝ ነው፤ መኪና የሚነዳው በግራ እግር ነው» ይል ነበር። ሲኮራ ያስጠላ ነበር፣ ያምርበትም ነበር።

ከሸሕዲ ወዲያ ፈንጂ ረገጠ። መኪናዋ በጎኗ ተጋደመች፣ እሱን ጎንደር ወስደው ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። እግዜር ሁለት እግር ሰጥቶ አንዱን ሲነሳ ግራውን መምረጡ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ቀኙ ቢሆን ምን ሊለወጥ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እኔም አላውቅም፤ ግን ሲያናድደኝ ኖሯል።

መተማ፣ ሱዳን ድንበር ዳር ባለው ቤታችን ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ እሱና ዓይናቸው የጠፋ እናቱ። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ ለምንላቸው፣ የማሽላ እንጀራ በወጥ እየሸጥኩ ኑሮውን እገፋ ነበር። እሱ ደጃፍ ላይ ክራንቹን ታቅፎ ይቀመጥና ከዶሮዎቼ ጋር ይጣላል። እውነቴን ነው፣ ይሰድባቸው ነበር። አንዱን አውራ ዶሮ «አንተ ባለ ሁለት እግር!» ሲለው ሰምቼ ወደ ጓሮ ዞሬ አለቀስኩ።

የእናቴ ወንድም ሻይ ቤት ነበረው። ከጅዳ ወደ ገዳሪፍ ከተመለሰ ሱዳናዊ ላይ ቴሌቪዥንና የጨዋታ ዕቃ በሰሊጥ ለውጦ አመጣ። ዕቃው የጽሕፈት መኪና የምታክል ሳጥን ናት፣ ከጎኗ አጭር ዘንግ አላት፤ ዘንጓን እያወዛወዙ ቴሌቪዥኑ ላይ መኪና ይነዳሉ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሰፈሩ ሁሉ ይሰበሰባል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጽሑፎች ላይና ታች ሆነው ይመጣሉ፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ቋንቋውን ያወቀ ሰው አልነበረም፤ ሱዳናዊው ነው ለአጎቴ ያስረዳው። ላይኛውን ከነኩ መኪናዋ ማርሽ ራሷ ትቀይራለች፤ አውቶማቲክ ነው። ታችኛውን ከነኩ ነጂው ዘንጉን ወደፊትና ወደ ኋላ እየገፋ ራሱ ይቀይራል። ጎረምሶቹ በሙሉ ላይኛውን ይነኩና ይፈተለካሉ።

አጎቴ ባሌን ከዶሮዎቹ ሊገላግለው ብሎ አንድ ቀን ጎትቶ ወሰደው። ባሌ ተቀመጠና ታችኛውን ነካ።

ተሸነፈ። ደገመ፤ ተሸነፈ። ከጎጃም የመጣ አንድ ሳሉግ አዘነለትና፣

«ጋሼ፣ እረ ላይኛውን ይንኩት እንጂ!» አለው።

«ላይኛው የተሳፋሪ ነው» አለ ባሌ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

ምሳ ይዤለት ስሄድ ከጎኑ ስለምቀመጥ፣ የሚሸነፍበትን ምክንያት ከሰው ሁሉ በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ማርሽ ሊቀይር ሲል የተቆረጠው እግሩ ይንቀሳቀሳል። ከጉልበቱ በታች የታሰረው ሱሪ ወደ መሬት ይገፋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይገፋል። ከዚያ በኋላ ነው እጁ ዘንጉን የሚገፋው። ጨዋታው ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለውም፤ የሱ እጅ ግን ፍሪሲዮን ሳይረገጥ አይታዘዝም። የሌለውን እግር ሁለቴ ሲረግጥ ሌሎቹ መኪኖች ጥለውት ይሄዳሉ። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ጉልበቱን እያዩ ሊስቁ ነው፣ ያኔ ደግሞ ከነሱ ጋር የምጣላው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ያ ሱዳናዊ ነጋዴ ሲጫወት አየውና በተሰባበረ አማርኛ ነገረው። ገዳሪፍ ውስጥ ለስደተኛ እህል የሚያድሉት ፈረንጆች ልክ እንደ ላይኛው ያሉ መኪኖች አሏቸው፤ ግራ እግር የማይፈልጉ፤ ቀኝ እግርና ሁለት እጅ ላለው ሰው ይበቃሉ። እኔ ሳህኑን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«መኪናው ራሱን ከነዳ እኔን ምን ያደርገኛል?» አለ ባሌ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ያን ቀን ኩራቱን ብስመው ደስታዬ ነበር። ታችኛውን እየነካ ዕድሜ ልኩን ይሸነፍ፤ ብቻ ከኔ ጋር ይሁን። ላይኛውን የነካ ቀን ግን ልቡ ማዶ ተሻግሯል ማለት ነው፤ ይህን እንደ ስሜ አወቅሁት። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ሊጀምር ሲል እጁን እያየሁ እጠብቃለሁ። ታችኛውን ሲነካ «ተመስገን» እላለሁ።

ክረምቱ መንገዱን ዘጋና አለፈ፤ ጥቁሩ መሬት ሲደርቅ መኪኖቹ መጡ። የድሮ ጓደኞቹ መጀመሪያ ደጃችን እየቆሙ ብርቱካን ይጥሉልን ነበር፤ ኋላ ጡሩንባ ብቻ፤ ኋላ እሱም ቀረ። ሥራ ነው፣ አልፈርድባቸውም። እሱ ግን አንዱን ለምኖ መኪናውን ሜዳ ላይ አስቆመው።

«ለትንሽ ብቻ። መሪውን ልያዝ።»

«ፍሪሲዮኑንስ ማን ይረግጥልሃል?» አለ ጓደኛው።

«እኔ!» አልኩ። ከየት እንደወጣኝ አላውቅም።

ክራንቹን ተቀብዬ ወደ ላይ ገፋሁት። እሱ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ እኔ በተከፈተው በር የመውጫውን ብረት ረግጬ ቆምኩና አንድ እግሬን ወደ ውስጥ ሰድጄ ፍሪሲዮኑ ላይ አሳረፍኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠመጠምኩ። ሞተሩ ሲነሳ ብረቱ በእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ።

«ርገጭ» አለኝ። ባለ በሌለ ጉልበቴ ረገጥኩ። ማርሹን አስገባ። «አሁን ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ቀስ።»

ቀስ ያልኩ መስሎኝ ነበር። መኪናው እንደ ደነበረ በሬ ዘለለና ሞተሩ ጠፋ፤ እኔ ከበሩ ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ደገምን። «ርገጭ። ልቀቂ። ቀስ በይ እንጂ አንች ሴት!» ዘለለ፤ ጠፋ። ሜዳው ላይ ያሉት ሳሉጎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ሳቅሁ። በሦስተኛው ጥቂት ሄድን። ትንሽ፣ አንድ ቤት የሚያህል ሄድን። ቀና ብዬ ሳየው እሱ መንገዱን አያይም፤ ፍሪሲዮኑ ላይ ያለውን እግሬን ነው የሚያየው። ጫማዬ አቧራ ለብሷል። ሞተሩን ራሱ አጠፋውና «ይበቃል» አለ።

በማግስቱ ሻይ ቤት ሄደ። ምሳውን ይዤ ስገባ ጨዋታው ሊጀምር ነው። ዘንጉን ወደ ላይ ገፋና ላይኛውን ነካ።

ጉልበቱ ዝም አለ። እስከ መጨረሻው ዝም አለ። አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ አንደኛ ወጣ። ሻይ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ አጎቴ ለሁሉም ሻይ ቀዳ። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። እኔ ብልህ ሆኜ አይደለም፤ ጉልበቱን ስለማውቀው ነው። ከጓሮ ጄኔሬተሩ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። እዚያ ቢጮኹም የሚሰማ የለም።

እራት ላይ ነገረን። «ገዳሪፍ እሄዳለሁ።»

«እኔስ?»

«ሥራ እንደያዝኩ አስጠራሻለሁ።»

«እማማስ?»

እናቱ ከጥግ ሆነው መለሱ። «እኔ ዓይኔ የጠፋው ሐበሻ መሬት ላይ ነው፤ ሱዳን ምን ላይ ብዬ ልሂድ? እኔን ተዉኝና ሂዱ።» ተዉኝ ይበሉ እንጂ ከምድጃው እስከ በሩ ያለ እጄ አይንቀሳቀሱም። ሦስታችንም እናውቃለን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

«ሂድ» አልኩት። ሂድ ያልኩት እንዳይሄድ ነበር። እንዲህ የምትል ሴት ብዙ ናት፤ ቃሉን ብቻ ሰምቶ የሚነሳ ባልም ብዙ ነው።

በገበያ ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ከገበያተኛው ጋር ተሻገረ። ያኔ ለወጣት ወንድ ማዶ ለማዶ መመላለስ ቀልድ አልነበረም፤ ጠባቂዎቹ ግን አንድ እግር ያለውን ከወንድ አልቆጠሩትም። «አንተ ደግሞ ወዴት ነህ?» አለው አንዱ። «ሩጫ ልወዳደር» አለ ባሌ ሳይስቅ። እነሱ ሳቁና አሳለፉት። ክራንቹ ድልድዩ ላይ ኳ ኳ ሲል እሰማ ነበር።

ሥራ አገኘ። ነጋዴዎች ወሬውን አመጡ፤ ነጭ መኪና፣ እህል መጋዘን፣ ጥሩ ሰዎች። ስኳርና ሳሙና ይልካል። ወደ ወዲህ መመለስ ግን አይችልም፤ የሄደ ሰው ከኮበለለ ይቆጠር ነበር። እኔም እናቱን ትቼ መሄድ አልችልም። «ነይ» ብሎ ሲልክብኝ «እማማስ?» እያልኩ እመልስ ነበር። ቆይቶ «ነይ» ማለቱን ተወው።

ከዓመት በላይ አልፎ አንድ መልእክት መጣ። በገበያ ቀን መኪናዋን ይዞ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ይወርዳል፤ «እናቴን ይዘሽ ከወንዙ ዳር ቁሚልኝ፣ ልያችሁ» ይላል። እማማን አጠብኳቸው፣ ንጹሕ ቀሚስ አለበስኳቸው፣ እጃቸውን ይዤ ወረድን። ወንዙ ደርቆ ነበር። መካከል ላይ ወታደሮች አሉ።

መጣ። ነጯ መኪና ከማዶ ከገደሉ አፋፍ ቆመች። በመስኮት እጁን አወጣና አውለበለበ፤ እኔም ነጠላዬን አውለበለብኩ። አልወረደም። ቢወርድ ክራንች መያዝ ነበረበት። ይልቅ ወደ ኋላ ሄደ፣ በጠባቡ ቦታ አንዴ ዞረ፣ ወደ ታች ወረደና አቀበቷን ሽቅብ ወጣ። ምን ያህል አሳምሮ ይነዳ ነበር! ደግሞ ዞረ። ሊያሳየን ነው፤ ገብቶኛል።

እማማ ጆሯቸውን አዘንብለው ሲያዳምጡ ቆዩና እጄን ሳብ አደረጉኝ።

«ሌላ ሰው ነው፣ ልጄ።»

«እንዴት አወቁ እማማ?»

«አቀበቱን ሲወጣ ማርሽ አልቀየረም። የኔ ልጅ አቀበት ላይ ይቀይራል፤ ከሩቅ ነው የማውቀው። እሱ የመጣ እንደሆን እነግርሻለሁ። ነይ እንሂድ፣ ፀሐዩ በረታ።»

«አዎ» አልኳቸው፣ «ሌላ ሰው ነው።»

እጃቸውን ይዤ ሽቅብ ተመለስን። ከኋላችን ጡሩንባው ይጮህ ነበር። እማማ ልጃቸው ገና እንደሚመጣ አምነው ኖሩ፣ አምነውም ሞቱ። እኔ ግን ዓይን ነበረኝ። እሱ ነበር። እግሩ ከተቆረጠ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።