የመርገጫው ሰው

ድሮ ወንዙን ሰው በነጻ ይሻገር ነበር፤ ያልቀናውም በነጻ ይሰምጥ ነበር። ሦስት ነጋዴዎች አዘኑለትና የእግረኛ ድልድይ ሠሩለት። «ወጪያችን እስኪመለስ ብቻ እናስከፍላለን» አሉ። ወጪው ግን እንደ ምጽአት ቀን ነው፤ ይመጣል ይባላል እንጂ ያየው የለም። ነጋዴዎቹ ሞተው ልጆቻቸው ድልድዩን ወረሱ። በር ጠባቂውም ሞተ፤ ልጁ ወንበሩን ወረሰ።

በሩ የሚሽከረከር ብረት ነው። በጠባቂው ክፍል ወለል ላይ ያለችው መርገጫ ካልተረገጠች አይዞርም። የፈለሰፈው ብልህ፣ ሳይከፍል የሚያልፍ እንዳይኖር ሲጨነቅ ጠባቂው ራሱ የማያልፍበትን በር ሠርቶ አረፈው። መንገደኛው «ርገጥ!» ሲለው ውሎ ሲያድር ርገጥ ስሙ ሆነ። ሚስቱም በዚሁ ትጠራዋለች።

አባታቸው ካለፉ ወዲህ ታናሽ እህቱን ያሳደጋት እሱ ነው። ማዶ አክስታቸው ዘንድ ሆና ተማረች፤ እዚያው ልትዳር ሆነ። ርገጥ ከሰርጓ ላይ ልገኝ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ።

«ማን ከለከለህ?» አለው የድልድዩ ድርጅት ሰብሳቢ። «ተተኪ አስቀምጥና ሂድ።»

ቸርነት ይሏል ይህ ነው። ዝም ብሎ እንዳይሄድ፣ ልጆቹን የሚያሳድርባት ከወንበሩ ጀርባ ያለችው ክፍል የድርጅቱ ናት፤ ወንበሩን የለቀቀ ጣሪያውንም ይለቃል። ሚስቱ ደግሞ ልጆቹን ይዛ ለሰርጉ ሙያ ቀድማ ተሻግራለች።

የሰርጉ ዕለት የመንደሩን ፀጉር አስተካካይ ለመነው። «ወንድሜ፣ ለትንሽ ጊዜ ቁጭ በልልኝ።»

«አንተ ደግሞ፣ እህትህን ልድር እየሄድኩ? ብቀር ቅር ይላታል እኮ።»

ሁሉም እንዲያ አለ። ተተኪ ሊሆን የሚችለው ሰው ሁሉ ተጠርቷል። ሰብሳቢውም ከረባቱን አስሮ ደረሰ፤ «በርታ፣ ዛሬ ገበያ ነው» ብሎት አለፈ። ርገጥ አገር ምድሩን እየረገጠ ወደ እህቱ ሰርግ ላከ። ለራሱ የደረሰው ነፋስ ያመጣለት ዘፈንና የድንኳኑ ጫፍ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ብቻዋን በድልድዩ መጣች። ረገጠላት፤ ገባች።

«ጋሼ፣ ተነስ።»

«አብደሻል? ሰው ምን ይላል?»

«የአባባ ቦታ ባዶውን ነው፤ ሰው የሚለውን እያለ ነው። ሂድና ተቀመጥበት።»

በክንዱ ጎትታ አስነሳችውና በቦታው ተቀመጠች። በነጭ ጫማዋ ረገጠች፤ ወንድሟ ተሻገረ።

ድንኳኑ ውስጥ በእልልታ ተቀበሉትና ከሙሽራው አጠገብ፣ በአባቱ ቦታ አስቀመጡት። ምግብ ቀረበለት። ሙሽራው ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ሙሽራዬስ?»

«ወንበሬ ላይ ናት።»

«ሄጄ ላምጣት።»

«አምጣት። ስትመጣ ማን ይረግጥላታል?»

ፀጉር አስተካካዩ ጫማውን፣ ሰብሳቢው ሳህኑን ይመረምር ጀመር። ርገጥ ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ ያልተነካ ምግቡን ወደ ጎን ገፋ አደረገና ተነሳ። ትንሽ ቆይ ያለው የለም።

«ተቀመጥ ልጄ፣» አለው ሙሽራውን። «አሁን እልካታለሁ።»