የስመኝ ስድስተኛ ቀጠሮ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሆድ የባሰው ሰው ሁሉ ስመኝን ያውቃታል ቢባል ማጋነን ይሆናል፤ በምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ግን የማያውቃት የለም። ሥራዋ ጥራት ቁጥጥር ነው። የተሰፋ ሸሚዝ ፊቷ ይከመራል፤ ኮሌታውን ገልብጣ፣ ቁልፉን ጎትታ፣ የተረፈውን ክር በመቀስ ቀንጥባ «ያልፋል» ወይም «ይመለስ» ትላለች። በምሳ ሰዓት ደግሞ ሰው ይከመርባታል። ባሏ ያስመረራት፣ ከአለቃው የተጣላ፣ እናቱ አገር ቤት የታመሙበት ሁሉ ምሳ ዕቃውን ይዞ አጠገቧ ይቀመጣል። እሷም ታጽናናለች። ማጽናናት ብቻ! «አይዞሽ፣ ጌታ አለ» ትላለች፤ ጀርባ ታሻለች፤ የቤተ ክርስቲያኗ የጸሎት ቡድን መሪ ስለሆነች የእምነቷ ሰው ከሆነ እዚያው እጁን ይዛ ትጸልይለታለች። ሙስሊም ከሆነም የወሎ ልጅ አይደለች፣ «አብሽር» ለማለት ማንም አይቀድማትም።

በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ተግባራዊ ሳይኮሎጂ በርቀት ለመማር የተመዘገበችውም በዚሁ የተነሳ ነው። «ሰው ማጽናናቱን አውቄበታለሁ፤ የቀረኝ ወረቀቱ ነው» አለች አፏን ሞልታ። ባሏ እስራኤል አናጺ ነው። ሲሰማ ሳቀ፤ በሳምንቱ ግን ሞጁሎቿን የምታነብበት ጠረጴዛ ሠርቶ ሳሎኑ ጥግ አቆመላት።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ ሞጁል ሲገልጥ ፊደሉ ይጨፍርበታል። ስመኝ የምሳ ሰዓቷን ለሁለት ከፈለችው፤ ግማሹን ለሰው ችግር፣ ግማሹን ለንባብ። ቱቶሪያል የሚሉት የገጽ ለገጽ ትምህርት ባለበት ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ሙቀት ሹራቧን በክንዷ ይዛ ሚኒባስ ትሳፈራለች፤ ብርዱ የሚጀምርበት የሐረጎ ዳገት ላይ ትለብሰዋለች፤ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው የኮሌጁ ቅርንጫፍ ስትደርስ ከሁሉ ቀድማ የፊት ወንበር ትይዛለች። ስታቲስቲክስ ሁለት ጊዜ አስለቅሷታል፤ በሦስተኛው አሸነፈችው። አብረዋት ከጀመሩት ግማሾቹ በየምክንያቱ ሲያቋርጡ እሷ አምስተኛ ዓመት ገባች።

ለመመረቅ የቀራት ተግባራዊ ልምምዱ ብቻ ሆነ። አንድን ሰው ስድስት ጊዜ በቀጠሮ አግኝቶ ማማከር፣ ንግግሩን በፈቃዱ በስልክ መቅዳት፣ የተቀዳውን ቃል በቃል ጽፎ ከሰኔ መጨረሻ በፊት ማስረከብ። ስመኝ ይህን ስትሰማ በልቧ ሳቀች። አምስት ዓመት የጠበቀችው ፈተና ይሄ ከሆነ ያለቀ ነገር ነው።

የመረጠችው ከይሪያን ነው። ከይሪያ መስፊያ ማሽን ላይ የምትሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት፣ የቅርቧ ከተማ የሐርቡ ልጅ ናት። ባሏን ፈታ፣ የአምስት ዓመት ሴት ልጇን ሐርቡ እናቷ ዘንድ ትታ፣ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ከጥቂት ወራት ወዲህ ምግብ አልገባ፣ እንቅልፍ አልወስድ ብሏታል። ስፌቷም ተበላሽቷል፤ የተበላሸውን ደግሞ እየመለሰች የምታሳርማት ስመኝ ናት። ከይሪያ የስምምነት ቅጹ ላይ ፈረመች፤ በፈለገች ጊዜ ቃሏን መሰረዝና የተቀዳውን ማስጠፋት እንደምትችልም ተነበበላት። ከሥራ በኋላ በፋብሪካው የመጀመሪያ ዕርዳታ ክፍል ተገናኙ።

ስመኝ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀጠሮዎች ንግግር ጽፋ ለመምህሯ ለአሮን ላከች። እርማቱን ልትቀበል ደሴ ስትሄድ ወረቀቶቿ ቀይ በቀይ ሆነው ጠበቋት።

«ወይዘሮ ስመኝ» አለ አሮን፣ በዕድሜ ስለምትበልጠው እየተጠነቀቀ፣ «ይህቺ ሴት ሰባት ጊዜ ልትናገር ጀምራ ነበር። ይኸው፣ ‹ልጄ እኮ...› ትላለች። እርስዎ ወዲያው ‹አብሽሪ፣ ልጅ እናቷን አትረሳም› ይሏታል። እሷም ‹እሺ› ብላ ዝም ትላለች። ሰባቱንም ጊዜ አጽናንተው አስቁመዋታል።»

«እና ሰው ፊቴ ሲያዝን አፌን ዘግቼ ልቀመጥ?»

«አዎ።»

«ጨካኝ ነው የምባለው!»

«ይባሉ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያጽናኗት እሷ ፈልጋው ነው ወይስ ስታዝን ማየቱን እርስዎ አልቻሉትም?»

ስመኝ ወረቀቶቿን ሰብስባ ቦርሳዋ ከተተች። አሮን ሦስት ቀጠሮ እንደቀራት፣ በነሱ ካልተሻሻለች ዘንድሮ እንደማትመረቅ ነገራት። በሚኒባሱ ስትመለስ ደሟ ፈልቶ ነበር፤ ይሄ ትናንት የተወለደ ልጅ፣ ስንቱን ለቅሶ ቤት ያጽናናችውን ሴት እንዲህ ይበላት! ኮምቦልቻ እስክትደርስ ግን ንዴቱ አልፎ ሐፍረት መጣ። ያጽናናቻቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አሰበቻቸው። ስንቶቹ ጨርሰው ተናገሩ?

አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ይተወው ነበር። ወይም አስተማሪውን ያማ ነበር። ስመኝ ልምምዱን በባሏ ጀመረች።

«ችግርህን ንገረኝ» አለችው።

«ምን ችግር አለብኝ?»

«አይጠፋም፤ ፈልግ።»

እስራኤል እርጥብ ጣውላ ደረቅ ነው ብሎ ስለሸጠለት ነጋዴ አማረረ። ስመኝ ከንፈሯን ነክሳ አዳመጠች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ታዲያ ለምን አትመልስለትም!» ብላ ፈነዳች። በማግስቱ አምስት ደቂቃ ቆየች። በሳምንቱ እስራኤል ከጣውላው ተነስቶ አባቱ ስለሞቱበት ዓመት ሲያወራ ራሱን አገኘው፤ በትዳር ሃያ ዓመት ሲኖሩ አንስቶት አያውቅም ነበር።

በአራተኛው ቀጠሮ ስመኝ ዝም ብላ ስትቀመጥ ከይሪያ ደነገጠች። «አሞሽ ነው እንዴ እትዬ?» አለቻት። በአምስተኛው ለመደችውና ስለ ማሽኑ፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ራስ ምታቷ ብዙ አወራች። ስድስተኛው ላይ፣ ሰኔ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ገና ከመቀመጧ ዓይኗ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«እሁድ ሐርቡ ሄጄ ነበር» አለች። «ልጄ እናቴን ነው እማ የምትላት። እኔን በስሜ ትጠራኛለች። ሰዉ በዚህ የማዝን ይመስለዋል።»

‹አብሽሪ› የምትለው ቃል ስመኝ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰች። ስመኝ እጆቿን ጠረጴዛው ሥር ቆልፋ ዋጠቻት።

«ወላሂ እትዬ፣ አላዘንኩም» አለች ከይሪያ። «አትናፍቀኝም። ስመለስ መኪናው ሲነሳ እፎይ ነው ያልኩት። ከራሴ ልጅ ሸሽቼ እፎይ! ምን ዓይነት እናት ነኝ?»

ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ስመኝ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለውን ለቅሶ በእቅፍ ስታስቆም የኖረች ሴት ናት። ያን ዕለት አላቀፈችም፣ አልጸለየችም። ጠበቀች። ልቅሶው ሲበርድ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«እፎይ ያልሽው ከምንድን ነው?»

«የልጄ ፊት ቁርጥ የአባቷ ነው» አለች ከይሪያ። «ስትስቅልኝ እሱን ነው የማየው። ፊቴን አዞራለሁ። ሲመታኝ የነበረውን ለእናቴም አልነገርኳት።»

ከዚያ ወዲያ ከአንድ ሰዓት በላይ አወራች። የጋብቻዋን አራት ዓመት ከነጠባሳው አወጣችው። በመጨረሻም ልጅቷን ሳይሆን ሰውየውን ስትሸሽ እንደኖረች ከገዛ አፏ ወጣ፤ ማንም አልነገራትም። ስመኝ በውስጧ እልል አለች። እንዲህ ያለ ቀጠሮ ሞጁሉ ውስጥ እንኳ የለም። አሮን ሲያነበው ምን እንደሚል ታያት።

ከይሪያ ሻሿን አስተካክላ ስትነሳ ጠረጴዛው ላይ ሲቀዳ የቆየውን ስልክ አየችው።

«እትዬ፣ ይሄን አትጻፊው።»

«ስምሽ አይጻፍም እኮ።»

«ሐርቡ ትንሽ ናት። ያለ ስምም ያውቁኛል፤ ኮሌጁ ውስጥ ስንት የአገሬ ልጅ አለ። ወሬው እናቴ ጆሮ ይደርሳል። ከአፌ አንዴ ወጥቶብኝ ነው እንጂ... ሁሉንም አጥፊልኝ፤ የበፊቱንም። ችግር ያመጣብሻል?»

ስመኝ በልቧ ቆጠረች። አምስት ዓመት። የተመላለሰችበት ሐረጎ፣ ያለቀሰችበት ስታቲስቲክስ፣ ጠረጴዛ የሠራላት ባል። አሥር ቀን ውስጥ ሌላ ሰው አግኝቶ ስድስት ቀጠሮ መጨረስ የማይሆን ነው።

«ምንም አያመጣብኝም» አለች። ስልኩን አንስታ የስድስቱንም ቀን ቅጂ እዚያው ከይሪያ እያየች አጠፋችው። የተጻፈውን ደግሞ ማታ ራሷ ቀደደችው።

ቅዳሜ ደሴ ሄዳ ባዶ እጇን አሮን ፊት ቆመች።

«ደንበኛዋ ቃሏን ሰርዛለች» አለችው።

«ስድስተኛው ላይ?»

«አዎ።»

አሮን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ዓመት እንደሚያስቀርዎት ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ለምን አልነገሯትም?»

«ብነግራት ‹እሺ ጻፊው› ትለኝ ነበር።»

አሮን ብዙ ደንብ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ይህን የሚያልፍበት ደንብ ግን አልነበረውም። ስሟን ከዘንድሮ ተመራቂዎች ዝርዝር ሰረዘ። ከዚያ ከወንበሩ ተነስቶ እስከ ውጭው በር ሸኛት፤ ለሌላ ተማሪ አድርጎት አያውቅም።

በፋብሪካው ስመኝ ወደቀች ተባለ። በምሳ ሰዓት አንዳንዱ ከንፈር መጠጠላት፤ አንዳንዱም «በዚህ ዕድሜ ምን አደከማት?» አለ። እሷ ዓይኗን በጨው ታጥባ ሞጁሏን ገለጠች። ከከይሪያ ጋር በየሳምንቱ መገናኘቷንም አላቆመችም፤ ያለ ስልክና ያለ ወረቀት። ከይሪያ ሐርቡ መመላለሷን ቀጠለች። መጀመሪያ ለሰዓት፣ ቀጥሎ ለግማሽ ቀን፣ ኋላ አድራ መምጣት ጀመረች። ስመኝ በዓመቱ ከሌላ ሴት ጋር ስድስቱን ቀጠሮ ደግማ ሠራች፤ አለፈችም።

የተመረቀች ዕለት ደሴ ብርድ ነበር። ከይሪያ የልጇን እጅ ይዛ ደሴ ድረስ መጣች። ካባ የለበሰችውን ስመኝን አቅፋ ሳመቻትና እየሳቀች ትከሻዋን መታ አደረገቻት።

«ማሻአላህ እትዬ! ያኔ ስትወድቂ ስንቴ አዝኜልሽ ነበር። ምኑ ነው የከበደሽ ግን? ያን ሁሉ እያነበብሽ!»

አጠገባቸው የቆመው እስራኤል የዚያን ዓመት ነገር ያውቃል። አፉን ሊከፍት ሲል ስመኝ እግሩን ረገጠችው።

«ሒሳብ ነገር ነበረው» አለች። «ከበደኝ።»