አሥር ሳጥን ያልበቃው ስም

ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረስኩ ጎንደር ውስጥ በአንድ የጤና ጥናት ቢሮ ተቀጠርኩ። ቢሮው ከቁስቋም በታች ባለ የድንጋይ ቤት ነበር። ሥራዬ ከገጠር የመጡ የቤተሰብ ቅጾችን አዲስ አበባ ላለው ማሽን እንዲመቹ አድርጎ መገልበጥ ነው። ማሽኑ የሚያነበው የላቲን ፊደል ብቻ ስለነበር ለእያንዳንዱ ስም ወረቀቱ ላይ አሥር ሳጥን፣ ለአንድ ፊደል አንድ ሳጥን፣ ተሰጥቶናል። ስሙ ካጠረ የተረፈው ሳጥን ባዶ ይቀራል፤ ከረዘመ ትርፉ ይቆረጣል። ስንቱን ስም እንደቆረጥኩ አላስታውስም፤ ምንም አይመስለኝም ነበር።

መስከረም ላይ ማሽኑ ያተመው ዝርዝር ተመልሶ መጣ። እሱን ይዤ ከአንድ ክትባት ሰጪ ጋር ገደል አፋፍ ላይ ወዳለችው ኮሶዬ ወጣሁ፤ የፈንጣጣ ክትባት ያልወሰዱትን በስም እየጠራሁ ላወጣለት። ረፋድ ነበር፤ ጉሙ ግን ከገደሉ እየተነሳ አጥሩን ሁሉ ውጦታል። ሰው የሚታየኝ አጠገቤ ሲደርስ ብቻ ነው።

አንድ ግቢ በር ላይ ቆሜ የአንዲት ልጅ ስም ጠራሁ። ደግሜ ጠራሁ። የቤቱ ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ከጉሙ ውስጥ ወጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምነው ልጄ፣ ስለ እሷ ማን ነገረሽ?»

«ዝርዝሩ ላይ አለች፣ አያ። ዕድሜዋ ሰባት ይላል።»

አጥሩን ያዝ አደረጉ። «አዎ፣ ሰባት ነበረች። ፈንጣጣ ወሰዳት። ያኔ እናቷ እርጉዝ ነበረች፤ የተወለደችውን በሟቿ ስም ላይ ጨምረን ጠራናት። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ሞላት።»

የስሙ ነገር ወዲያው ገባኝ። የታናሺቱ ስም ረጅም ነበር፤ አሥረኛው ሳጥን ላይ ስቆርጠው የቀረው የታላቋ ስም ነው። ሰባቱ ግን ከየት መጣ?

«አቤት!» አለች አንዲት ወጣት ከቤቱ እየወጣች። «ጠራሽኝ?»

«አንቺን አይደለም!» አሉ አባቷ።

ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች። «እስቲ አሳዪኝ፣ እኔ የቱ ጋ ነኝ?»

የማሳያት መስመር አልነበረም። እስክሪብቶ አውጥቼ ሙሉ ስሟን ከዳር ጻፍኩላት። ክትባቱን ስትወስድ ከጓሮ የእናትየዋ ድምፅ መጣ። አያለቅሱም፤ ወደ ጉሙ እየተጣሩ ነበር። የመጀመሪያዪቱን ስም ጠርተው፣ ለትንሽ ልጅ በሚነገር አነጋገር «ነይ ግቢ፣ ይበርድሻል» ይላሉ። ክትባት ሰጪው የመንደሩን ሥራ ሳይጨርስ ዕቃውን ሰብስቦ ቦርሳውን አንጠለጠለ።

ቢሮ ስመለስ የገለበጥኩትን ቅጽ ፈልጌ አገኘሁት። የራሴ ጽሕፈት ነው፤ ዕድሜው ላይ አሥራ ዘጠኝ ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። አለቃዬ ማሽኑ ካተመው ዝርዝር ጋር እያስተያየ ብዙ ቆየ።

«የስሙ ጥፋት የኛ ነው» አለ። «ዕድሜውን ግን እንጃ።»

ከዚያ በኋላ ሳጥኑን ተውነው። ስሞቹን ሳንቆርጥ በተከታታይ እየጻፍን፣ ከእያንዳንዱ ስም ፊት የፊደሎቹን ብዛት በቁጥር እናስቀምጥ ጀመር። ማሽኑ ቁጥሩን አይቶ ያን ያህል ፊደል ያነብና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሁሉን እንደገና ለመገልበጥ ወራት ፈጀብን።

አዲሱ ዝርዝር ሲመጣ ለሽማግሌው ላሳይ ሄድኩ። ልጅቱ ዳባት ተድራ ነበር። ሙሉ ስሟንና ዕድሜዋን አነበብኩላቸው።

«ይቺስ እሷ ናት» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያቺኛዋስ?»

«የለችም፣ አያ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ይበላቸው ይክፋቸው አላወቅሁም።