ዓይኔን ገልጬ የምጸልየው ለምን እንደሆነ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ልመሰክር ፈልጌ ሦስት ሳምንት ፈራሁ። ወንበሩን ይዤ ብናገር ቅር አይበላችሁ፤ ከለቀቅሁት እወድቃለሁ።

ታውቁኛላችሁ፤ ከደባርቅ እስከ ጨነቅ ተራራ ድረስ በቅሎ እየጫንሁ የኖርሁ ሰው ነኝ። ጌታን አላውቅም ነበር፤ የማምነው እግሬን ነው። የገደሉ ጠርዝ ለእኔ እንደ ቤቴ ደጅ ነበር።

በቅሎዬ ጀርባዋ ቆስሎ መርፌ ስወጋት ከረምሁ። እኔንም ሳል ይዞኝ ነበር። ጤና ጣቢያ ወረፋ ከምጠብቅ ብዬ ከዚያው ብልቃጥ ራሴን ወጋሁ። እሷን ያዳነ እኔን ምን ያደርገኛል? ሳምንታት እንዲሁ አደረግሁ። ሳሉ ለቀቀኝ፤ መሬቱ ግን ከዳኝ። ስራመድ ተራራው አብሮኝ ይዘላል። ፊቴን ልታጠብ ዓይኔን ስጨፍን ሳፋው ላይ ተደፋሁ። እናቴ "ገደሉ ነው የለከፈህ፣ ልጄ" ብላ አለቀሰች። መንገደኛው ሰካራም አለኝ።

ጎንደር ያየኝ ሐኪም የመርፌውን ነገር ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ።

"ጆሮህ ውስጥ ጫፋቸው ፀጉር የመሰለ ሕዋሳት ነበሩ። ራስህን ባዘነበልህ ቁጥር ኬሚካል ለቀው መልእክቱን ለነርቩ ያቀብላሉ፤ ነርቩ ለአንጎልህ ያደርሳል። መድኃኒቱ እነሱን ገደላቸው። አሁን መልእክት የሚልክ የለም። ያለ ዓይንህ መቆም አትችልም።"

"ይመለሳሉ፣ ዶክተር?"

"የሞቱት አይመለሱም።"

በቅሎዬን ሌላ ሰው ሲነዳት በመስኮት አየሁ። ያን ቀን፣ ጨነቅ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ዓይኔን ብጨፍን ይበቃኛል ብዬ አሰብሁ። ይህን ባለቤቴ አለምነሽ ገና አሁን መስማቷ ነው። ይቅር በይኝ።

ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ወደዚህ ጉባኤ አመጡኝ። "ዓይናችንን ጨፍነን እንጸልይ" ተባለ። ጨፈንሁ፤ ተዘረርሁ። እናንተም "ወጣ! ወጣ! ሃሌ ሉያ!" አላችሁ። ወገኖቼ፣ ምንም አልወጣም። ጆሮዬ ነው። ተፈወሰ ብላችሁ ስታጨበጭቡ አፍሬ ዝም አልሁ። ሦስት ሳምንት የተሸከምሁት ይህን ውሸት ነው።

ትናንት ለእትዬ ብርቄ ተናዘዝሁ።

"ታዲያ ማን ጨፍን አለህ?" አሉኝ። "ገልጠህ ለምነው። እሱ እንደሁ ዓይንህን አይፈራ።"

ክንዴን ያዙኝ። ዓይኔን ገልጬ "ጌታ ሆይ፣ በእግሬ ስታበይ ኖርሁ፤ ዋሸሁም፤ ተቀበለኝ" አልሁ። አለቀስሁ፤ አልወደቅሁም። ክብር ለስሙ ይሁን!

ጆሮዬ ዛሬም ዝም እንዳለ ነው። ተራራው ይዘላል፤ በቅሎዬ ናፍቃኛለች። ግን አፋፉ ላይ አልሄድሁም፤ ተመስገን! እንደኔ የጨለመበት ካለ፣ እስክድን ብሎ አይጠብቅ። ጌታ እንደ ወደቀ ይቀበለዋል።

አሁን እንጸልይ። እናንተ ጨፍኑ፤ እኔ እያየኋችሁ እጸልያለሁ። አለምነሽ፣ ነይ ያዥኝ፤ ወንበሩን ልልቀቀው።