ፍሪዘር የገባው የእማማ ፊሎ ጣፋጭ

ጎረቤቶቼ፣ እስቲ ተነሱና ፍሪዘራችሁን ክፈቱ። ከበርበሬው ከረጢት ሥር እዩ። በፎይል የተጠቀለለ፣ ላዩ ላይ በረዶ የሠራ ነገር አለ? አለ። የማን እንደሆነም ታውቃላችሁ። የእማማ ፊሎ ነው።

በደንብ ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ሙሉ ስማቸው ፊሎሜና ነው። ህንዳዊት ናቸው፣ ጎዋ ከሚባል የባሕር ዳርቻ አገር የመጡ ካቶሊክ። ፒዮሪያ ስትሪት ባለው አፓርትመንታችን ምድር ቤት፣ 104 ቁጥር ይኖራሉ። በስድሳ አንድ ዓመታቸው እንግልውድ ድረስ በሁለት አውቶቡስ እየሄዱ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ከሳቸው የሚከብዱ ሽማግሌዎችን ሲያነሡና ሲያስተኙ ይውላሉ። ታንክስጊቪንግ ዕለት ሰው ሁሉ ቤቱ ሲሰበሰብ እሳቸው ሺፍት ይገባሉ። ለምን? ከገና በፊት ሦስት ቀን ኦፍ እንዲሰጧቸው። ሦስቱን ቀን ምን ያደርጉበታል? ለእኛ ጣፋጭ ይሠሩበታል።

እኔ ተገኝ አንድ ጊዜ ቧንቧ ልጠግንላቸው ገብቼ አይቻለሁ። ኩልኩል ይሉታል። ሊጡን በወተት፣ በቅቤና በእንቁላል ያቦኩታል። ከዚያ የጣት ጫፍ የምታህል ቁራሽ ወስደው በሹካ ጀርባ ላይ ይዳምጧትና ይጠቀልሏታል። የሹካው መስመር ይታተምባትና ዛጎል ትመስላለች። በዘይት ይጠብሷትና ስኳር ያለብሷታል። አንድ ሺህ ያህል ናት፣ ሁሉም አንድ በአንድ በእጅ!

"አገራችን ለገና ጎረቤት ከጎረቤት ሳህን ይላላካል፤ ሳህን ያልደረሰው ቤት የተጣሉት ቤት ነው" አሉኝ።

ዲሴምበር 24፣ በገናቸው ዋዜማ፣ አሥራ አንዱን የሐበሻ በር ያንኳኳሉ። ፎይሉ ላይ የቤት ቁጥራችንን ሳይቀር ጽፈውበታል። እኛስ? እኛ ጾም ላይ ነን! ገናችን ጃንዋሪ 7 ነው፤ እስከዚያ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። ይህን እንንገራቸው? የምን መንገር! ይሉኝታችን የት ይሄዳል? በሁለት እጃችን እንቀበላለን፣ "ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል!" እንላለን። በሩ ሲዘጋ ወደ ፍሪዘር። ጃንዋሪ 7 ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ኩልኩል ማን ያስታውሳል? ቦታ ሲጠብ ወደ ዳምፕስተር፣ ወደ ቆሻሻው ገንዳ። ስድስት ገና እንዲህ አለፈ። እኔም እንደዚሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነኝ፤ ግን "ጾም ነኝ" ለማለት ደግሞ ዲግሪ አያስፈልግም።

አምና፣ በፈረንጅ 2006፣ ያ ትልቅ በረዶ ኤርፖርቱን ሲዘጋው እኔም የሻትል ሥራዬ ቆሞ ቤት ዋልኩ። የቆሻሻ መኪናም ሳምንት ሙሉ ሳይመጣ ቀረ፤ ዳምፕስተሩ ሞልቶ ፈሰሰ። ሌላ በረዶ እየመጣ ነው ሲባል 207 ቁጥር ያለችው ለተሃይማኖት ለገና ሥጋ ገዛች። ለሥጋው ቦታ ለመልቀቅ የካች አምናውንም በዚያው ሰሞን የመጣላትንም የእማማ ፊሎን ጥቅል ከፍሪዘር አውጥታ ጣለች። ከረጢቱ ከክምሩ አናት ላይ ተቀመጠ። ቁራዎች ቀደዱት።

እኔ መኪናዬን ከበረዶ እያወጣሁ ነበር። እማማ ፊሎ ከአውቶቡስ ወርደው ሲመጡ ቆም አሉ። ኩልኩሎቻቸው በረዶው ላይ ተበትነዋል። ጎንበስ ብለው አንዷን አነሡ፣ በጓንታቸው ጠረጓት። ፎይሉንም አነሡ። 207 ይላል። ይዘውት ደረጃውን ወጡ። አካፋዬን ጥዬ ተከተልኳቸው። 207ን አንኳኩ፤ ለተሃይማኖት ከፈተች።

"ለተ፣ የእኔ ምግብ ቆሻሻ ነው?"

"ኧረ በፍጹም! በጣም ነው የሚጣፍጠው! ልጆቹ ናቸው የጨረሱት!"

ማስረጃው መዳፋቸው ላይ ተቀምጦ!

"የጨረሱትስ ቁራዎቹ ናቸው" አሉ እማማ ፊሎ።

ለተሃይማኖት ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ "አንተ ተገኝ፣ ምን እንበላቸው?" አለችኝ።

"እውነቱን!"

"አብደሃል? ቅር ይላቸዋል!"

"አሁን ታዲያ ደስ ያላቸው ይመስልሻል?"

ሶፋው ላይ የነበረችው ልጇ ሄርሞን ሰለቻት። "ማም፣ ጀስት ቴል ኸር! በቃ ንገሪያቸው!" አለች። እናቷን ሳትጠብቅ ራሷ በእንግሊዝኛ ዘረገፈችው፦ "ጾም ላይ ነን። እስከ ጃንዋሪ 7 ወተትም ቅቤም አንበላም። በየዓመቱ እንደዚህ ነው። የነገረዎት ሰው የለም።"

እማማ ፊሎ ሁላችንንም በተራ አዩን።

"ስድስት ዓመት? እኔስ ክርስቲያን አይደለሁም? ጾም ምን እንደሆነ አይገባትም ብላችሁ ነው?"

ኩልኩሏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

"ዶዶል የሚባል አለ" አሉ። "የሩዝ ዱቄት፣ ጥቁር ስኳርና የኮኮናት ወተት ነው። ቅቤ የለው፣ እንቁላል የለው። ሦስት ሰዓት ይማሰላል። እጄን ስለሚያመኝ ተውኩት እንጂ፣ ብትነግሩኝ ለእናንተ አማስለው ነበር።"

ወርደው ሄዱ።

ለገናችን ለተሃይማኖት ዶሮ ወጥ በሳህን አድርጋ ወሰደችላቸው። ተቀበሏት፣ አመሰገኗት፣ በማግስቱ ሳህኑን አጥበው መለሱላት። ባዶውን። ከእማማ ፊሎ ቤት ባዶ ሳህን ወጥቶ ያውቃል? ለተሃይማኖት ሳህኑን ይዛ እኔ ዘንድ መጥታ አለቀሰች። አልቅሳ ግን ምን አደረገች? ምንም! "በኋላ ራሴ እነግራቸዋለሁ" አለች። ይኸው ዓመቱ ሊሞላ ነው።

ባለፈው እሑድ ልብስ ማጠቢያው ጋ አገኘኋቸው።

"እማማ ፊሎ፣ ዘንድሮስ?" አልኳቸው።

"የታንክስጊቪንግ ሺፍት ገና አልተመዘገብኩም። ለማን ብዬ?"

"ለእኛ ነዋ!"

"እናንተ እነማን ናችሁ? አንተ በሰው ፈንታ አትናገር፣ ተገኝ። የሚፈልግ ሰው በራሱ አፍ ይንገረኝ። ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚበላ። ያልነገረኝን በር አላንኳኳም።"

እዚያው ነገርኳቸው። እስከ ጃንዋሪ 7 ጿሚ ነኝ፤ ዶዶሉን ይሥሩልኝ፣ የማማሰሉን ሦስት ሰዓት እኔ መጥቼ አማስላለሁ አልኳቸው። የቅቤውን ደግሞ በገናችን ዕለት፣ ትኩሱን፣ ከዶሮው ጎን እበላለሁ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "አንድ በር" አሉ። "ለአንድ በር ብዬ ሺፍት አልገባም።"

ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ዓርብ ካለፈ የገናው ኦፍ የለም፤ ኦፉ ከሌለ ኩልኩልም ዶዶልም የለም፣ እሳቸውም ምድር ቤት በራቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ። ከሥራ የሚመለሱት ማታ፣ በፈረንጅ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አሥር በር ቀርቷል። ለተሃይማኖት፣ ያንቺም በር አለበት። እባካችሁ ከዓርብ በፊት ውረዱና 104 ቁጥርን አንኳኩ፤ ጾም መሆናችሁን በራሳችሁ አፍ ንገሯቸው።