የእትዬ የሺ የጦስኝ ዘይት

ሰኔ እንደገባ እህል በጫነ መኪና ከደሴ ተነሳሁ። ንጉሡ ከወረዱ ወዲህ ነው፤ ረሃቡ ገና አልለቀቀም። የሰብል በሽታ ሠራተኛ ነበርኩ። አንዲት የመካነ ሰላም አረቄ አውጪ ከጦስኝ ዘይት አውጥታ፣ የገብስ ዛላን ጥቀርሻ የሚያደርገውን አረማሞ የተባለ በሽታ ታጠፋለች ይባላል። እውነቱን አይተህ ና ተባልኩ። በእንዲያ ያለ ዘመን ዘር ማበላሸት ነፍስ ማጥፋት ነውና፣ በልቤ አታላይ ላጋልጥ ነበር የሄድኩት።

አቀስታ

ብርዱ አጥንት ይገባል። ሻይ ቤቱ ከሻይ በቀር የሚቀመስ የለውም።

«ጋሼ፣ መሬት ሊለኩ ነው?» አለኝ ባለቤቱ።

«ለገብስ በሽታ ነው የመጣሁት።»

«ይሁን» አለ። እንዳላመነኝ ግን ገባኝ፤ ሌሎቹም መቀመጫቸውን ከእኔ አራቁ።

መካነ ሰላም

እትዬ የሺ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ናቸው። በአረቄ ማውጫቸው እንስራ ጦስኝ ጠቅጥቀው ያፈላሉ፤ በሸምበቆ ቱቦው ከሚንጠባጠበው ውሃ ላይ ቢጫ ዘይት ይሰፍፋል። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ሽታ ግን መድኃኒት አይደለም።

«አምና ዘሬን በዚህ አሸሁ። ጥቁር ዛላ አላየሁም» አሉኝ።

ጎረቤታቸው አያ ሰይድ በአጥሩ በኩል ሰምተው ገቡ። «ማሳዋ የጓሮ ነው፤ ፍግ የጠገበ። ዘይቱ ይሁን ፍጉ በምን ታወቀ?»

ቀጥለው ስለ ወንድማቸው ነገሩኝ። መድኃኒት የተቀባ ቀይ ዘር ከመንግሥት ታድሎት፣ ቤተሰቡ ቢርበው አጥቦ በላው። ወንድምየው ከተኛበት አልተነሳም።

እትዬ የሺ ከዘር ገብሳቸው አንድ እፍኝ ዘግነው በዘይቱ አሹና፣ እያየናቸው አኝከው ዋጡ።

«መርዝ አለመሆኑን አየሁ» አሉ አያ ሰይድ። «መድኃኒት መሆኑን አላየሁም።»

እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። እትዬ የሺን በአንድ ማሳ ላይ ግማሹ ዘር ታሽቶ፣ ግማሹ ሳይታሽ ይዘራ አልኳቸው። የቀራቸው ዘር ባለቤታቸው ከረሃቡ የደበቁት አንድ ቁና ብቻ ነው።

«ግማሹ ቢጠፋ ግማሹ ይተርፈኛል» አሉ ቁናውን እያወጡ። «ካታለሉኝ ግን፣ ወላሂ፣ በዚህ መንገድ እንዳያልፉ።»

በማግስቱ ድንበሩን በድንጋይ ለይተን ዘራን።

ደሴ

አለቃዬ «ትሠራለች ወይስ ታታልላለች?» ሲለኝ «አላውቅም» አልኩት። ደስ አላለውም። እኔ ግን ስሄድ አውቃለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ጉዞው ያስተማረኝ አለማወቄን አፍ ሞልቶ መናገር ነው።

ኅዳር ላይ አያ ሰይድ በመኪና ሾፌር መልእክት ላኩብኝ። ባልታሸው በኩል ጥቁር ዛላ በዝቷል፣ በታሸው በኩል ጥቂት ነው፤ የበቀለው ግን ሳስቷል። «ዘይቱ በዝቶበታል፤ ለከርሞ ቀንሺ ብያታለሁ። የራሴን ዘር ግን ሙሉውን እንድታሽልኝ እሰጣታለሁ።»