አሜሪካዊው «ወሎዬ» ያለ ዕለት

ከባለቤቴ ከሰይድ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ያደረግነው ነገር ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ መውጣት ነበር። የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጫፍ ለእኔ፣ ሌላውን ለራሱ አድርጎ ያንን የድሮ ዘፈን ከፈተው። መንገዱ ሲጠማዘዝ ጭንቅላታችን ይጋጭ ነበር።

«እስኪ ዛሬ እንኳ ንገረኝ፤ ዘፋኙ ምንድን ነው የሚለው?» አልኩት።

ሳቀ። «ደሴ ስንደርስ እነግርሻለሁ።»

ደሴ ስንደርስ ዝናብ ነበር፤ ባጃጅ ስንሻማ ረሳነው። በማግስቱ ሱብሂ ሰግዶ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ።

ልጆች ሳለን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጎረቤታሞች ነበርን። አባቴ ሰኞ ገበያ ሰልባጅ ልብስ ይሸጥ ነበር፤ ቦንዳው ሲፈታ የሚወጣው የናፍታሊን ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም። አንድ ቀን ከጃኬት ኪስ ውስጥ ካሴት አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ ጸጉራቸው የተንጨባረረ አራት ነጮች ነበሩ። ሰይድ በእነሱ ቤት ቴፕ ከፈተው። ጊታሩ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ ቆየና ዘፋኙ ድንገት «ወሎዬ!» ብሎ ጮኸ።

ሰይድ በባዶ እግሩ ሰፈሩን ዞረ። «አሜሪካ ውስጥ ስለኛ ተዘፈነ!» የሰፈር ልጅ ሁሉ መጥቶ አብረን «ወሎዬ!» አልን። አባቴ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠና «ወላሂ፣ ይኼ ሰውዬ ወሎን የት ያውቃል፤ ጥርሱን አሞት ነው» አለ።

እንግሊዝኛው እየገባው ሲመጣ ሰይድ ስለዚያ ቃል ማውራት ተወ። ኮምቦልቻ የእንግሊዝኛ መምህር ሆነ፤ ተጋባን። የባንዱን ነገር ግን ሳይታክት ይከታተል ነበር። በየትንንሹ አዳራሽ ሲጫወቱ ኖረው፣ ሦስት አልበም አውጥተው፣ ብዙ ሰው ሳያውቃቸው ተጣልተው ተበተኑ። እኛ የሰማነው ከዓመታት በኋላ ነው። ከበሮ መቺው መሞቱን ያነበበ ዕለት ራቱን አልበላም። «በእኔ ዕድሜ ነው የሞተው» አለኝ።

ከቀብሩ በኋላ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰችውን የጎረቤቴን ልጅ ሐያትን ዘፈኑን አሰማኋት። ሦስት ጊዜ ደጋግማ ሰማች።

«እትዬ ዘሃራ፣ ይኼ እኮ ቃል አይደለም። ዝም ብሎ ነው የሚጮኸው።»

ምናልባት ሰይድም ያን ሁሉ ዘመን ቃሉን ለይቶ አልሰማው ይሆናል፤ መምህር ሆኖ አልገባኝም ማለት ከብዶት። ምናልባትም ሊነግረኝ የነበረው ይህንኑ ነው። አላውቅም። ያኔ አለማወቃችን የጋራችን ነበር፤ ሰፈሩን ሁሉ አስጩኸንበታል። ይህኛው የብቻዬ ነው።

የቀሩት ሦስቱ ታርቀው እንደገና መጫወት ጀምረዋል አለችኝ ሐያት። አልጠየቅኋትም ነበር።

አሁን ባሏ እንደሞተባት ሴት ሁሉ ዒዳ ተቀምጫለሁ፤ አራት ወር ከዐሥር ቀን። ጠዋት ፋቲሃ እቀራለታለሁ፤ ከዚያ እስኪመሽ እቤት እቀመጣለሁ።